ያልተጻፈው ቁጥር

በዚያ በጋ ነፋሱ ከምሥራቅ መጣና አልመለስም አለ። ከገና በፊት አራት የጀልባ ምሰሶ ተሰበረ፤ ከገና በኋላ አምስት። አንዲት ልጅ የትከሻዋ አጥንት ተሰነጠቀ፣ ሌላዋ ሁለት ጥርስ አጣች። ሦስት ውድድር ተሰረዘ። ሸራ ሰፊው ደጁ ላይ “ሥራ አልቀበልም” የሚል ወረቀት ለጠፈ። ለምርጫው ውድድር ከተመዘገቡት አሥራ አንድ የሴቶች ስኪፎች፣ ሁለት ሁለት ሰው የሚያሄዳቸው ፈጣን የሸራ ጀልባዎች፣ እስከ መጨረሻው ቀን ውሃ ላይ የቆዩት ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ ወደ ኦሎምፒክ የምትሄደው አንዷ ብቻ ናት።

ክላይቭ ፓስኮ ይህን ሁሉ ያየው የጀልባ መውረጃው ላይ ቆሞ ነው። ያኔ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጺ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ራንጊቶቶ ደሴትን ፊት ለፊት በሚያየው ክበብ መውረጃ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰሌዳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ማን ወጣ፣ ማን ተመለሰ፣ ማን ምን ቀየረ፣ እየጻፈ ለዳኞቹ ጀልባ በሬዲዮ ይናገራል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ውሃ ላይ የረሳው ሰው የለም። የባሕሩ ዳር ልጆች፣ ነጮቹም የአገሬው ተወላጅ ማኦሪዎቹም፣ በማኦሪ ቃል “ኮሮ” ይሉታል፤ አያቴ እንደማለት ነው። የራሱ ልጅ አልነበረውም።

ደንቡ ሸራ የቀየረ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሸራው ላይ ያለውን አዲስ ቁጥር በገዛ እጁ በሰሌዳው ወረቀት ላይ ያስፍር ይላል። በዚያ ክበብ ግን እንዲህ የሚያደርግ አልነበረም። እጅ እርጥብ ነው፣ ጀልባው ይጎትታል፣ ማዕበሉ አያስቆምም። ለኮሮ ከነገሩት እንደተጻፈ ይቆጠራል። ይህን ማንም ደንግጎት አያውቅም፤ ሁሉም ግን ይኖርበት ነበር፤ ክላይቭም ይኮራበት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ነጥቡን የሚመሩት ማራማ ሆልትና ፍሬያ ደንስታን ነበሩ። ሁለቱም ሃያ ዓመታቸው ነው። በአንድ መንገድ ላይ፣ አጥር ለአጥር ያደጉ ልጆች ናቸው። ማራማ መሪውን ትይዛለች፤ ፍሬያ ከፊት ሆና ገመዱን ታዝዛለች። በዚያ ቀን ሁለተኛ ቢወጡ እንኳ ምርጫው የእነሱ ነው። ችግሩ ሸራቸው በዋዜማው ለሁለት መተርተሩ ነበር። ምሰሷቸው የተሰበረባቸው የላውሪ እህትማማቾች የራሳቸውን ሸራ አዋሷቸው። ታላቂቱ ስታስረክብ፣

“ሸራችንን እንዳትቀዷት። ሦስተኛዋ እህታችን እሷ ናት፤ ከሁለታችን ይልቅ ቆንጆዋ” አለች።

የማራማና የፍሬያ ቁጥር ሰባ አንድ ነው። የተዋሱት ሸራ ላይ የተጻፈው ሠላሳ ስምንት።

ክላይቭ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በአንድ እጁ አንድ ጀልባ፣ በሌላው ሌላ ይዞ ነበር። ፍሬያ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አቅንታ ትታገላለች፤ ሸራው እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ማራማ ከኋላ በኩል ጠጋ ብላ፣ “ኮሮ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ነን። የላውሪዎቹ ሸራ ነው” አለችው። ክላይቭ፣ “ሰምቻለሁ፣ ሂጂ” አላት። ሄዱ። ወዲያው ከኋላው አንዲት ጀልባ መውረጃው ላይ ተገለበጠችና የአንዲት ልጅ እግር ሥሯ ገባ። እሷን አውጥቶ፣ እግሯ አለመሰበሩን አይቶ፣ ሰሌዳውን ሲያነሳ ቁጥሩ ከራሱ ወጥቶ ነበር።

ልጆቹ ሁለተኛ ወጡ። ዳኞቹ ግን መጨረሻው መስመር ላይ ያዩት ሠላሳ ስምንትን ነው፤ ሠላሳ ስምንት ደግሞ ከውድድር ወጥታለች። ሰባ አንድን ያየ የለም። ጉዳዩ ከሰዓት በኋላ ፎቅ ላይ ባለው ክፍል ታየ። ዋናው ዳኛ ግራሃም ስቶክስ የሚባል ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ ደረቅ ግን ቀጥተኛ ሰው። ማራማ ለኮሮ ነግሬዋለሁ አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ክላይቭን ሁሉም ነገር ትዝ አለው፤ የሸራው ጩኸት፣ የፍሬያ ጀርባ፣ ሠላሳ ስምንት የሚለው ቁጥር። ስቶክስ ወደሱ ዞረ። ክላይቭ ሰሌዳውን አየና፣

“ወረቀቱ ላይ የለም” አለ።

ስቶክስ ሌላ አልጠየቀውም። ክላይቭ ፓስኮን የሚጠረጥር ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ውሳኔው በመዝገቡ ላይ በአንድ መስመር ሰፈረ፦ የጀልባዋ መሪ የሰጠችው ቃል ተቀባይነት አላገኘም። የዚያ ቀን ውድድራቸው ተሰረዘ፤ ሦስተኛ ሆኑ፤ ወደ ኦሎምፒክ ሌሎች ሄዱ።

ማራማ አንድ ጊዜ አየችው። በንዴት አልነበረም። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ሰማዩን እንደሚያጠና ሰው ነበር ያየችው። ከዚያ ተነስታ ወጣች።

በነጋታው ስቶክስ ቤት ሄጄ እነግረዋለሁ አለ ክላይቭ። ጠዋት ሲሆን ከሰዓት አለ። በሦስተኛው ቀን የተመረጡት ስም በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የረፈደ መሰለው። የሚፈራው ስቶክስን አልነበረም። መውረጃው ላይ ቆሞ የሚሰማውን “ለኮሮ ንገረው” የሚል ቃል ነበር የሚፈራው፤ ያ ቃል ከቀረ የሚቀርለት ምን እንደሆነ አያውቅም።

የፍሬያን ነገር የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። ፍሬያ በውሳኔው ዕለት ማራማ ቤት ድረስ ሄዳ፣ መርሳት የሰው ነው፣ እኔንም ዳኛንም መዋሸት ግን ምን ይባላል ብላ በማራማ እናት ፊት ጮኻባታለች። ማራማ ነግሬዋለሁ አለቻት፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ፍሬያ ያመነችው ኮሮን ነው። ማን አያምንም? በዚያው ዓመት በሰሜን ወዳለችው ዋንጋሬ ከተማ ሄዳ መምህርት ሆነች። ዳግመኛ ጀልባ ላይ አልወጣችም።

ክላይቭ ይህንንም ሰማ፤ ስቶክስ ቤት ግን አልሄደም።

ማራማ ውድድሩን ትተወዋለች ብሎ አስቦ ነበር። አልተወችም። በሰኔ፣ ክረምቱ ሲጠነክርና ባሕሩ ባዶ ሲሆን፣ ኬሪ የምትባል ከደቡብ የመጣች ረጅም ልጅ በፍሬያ ቦታ ይዛ መጣች። ከክላይቭ ቤት መስኮት ባሕሩ ይታያል። በየማለዳው ሻዩን ይዞ ይቆማል። ሁለቱ ልጆች አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማሉ፤ ነፋሱን ከኋላ አድርገው መዞር። በዚያች ጠባብ ጀልባ ላይ ለመዞር ሁለቱም በሽቦ ከተንጠለጠሉበት ጠርዝ ገብተው፣ በምሰሶው ሥር ጎንበስ ብለው አልፈው፣ በሌላው ጠርዝ እኩል መውጣት አለባቸው። አንዷ በግማሽ ትንፋሽ ብትዘገይ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ይገለበጣሉ። ያቃናሉ። ይዞራሉ። ይገለበጣሉ። ክላይቭ አንድ ቀን መቁጠር ጀመረ፤ ስልሳ ሲደርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። በነሐሴ አርባ ጊዜ ዞረው አንዴ ብቻ ተገለበጡ። በጥቅምት ምንም። ያኔ ማየቱን አልተወም፤ እንዲያውም ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ። አርባ ዓመት እንጨት ሲያጋጥም የኖረ ሰው ነው፤ ሁለት ነገር መገጣጠሚያው ሳይታይ ሲገጥም ያውቃል።

መውረጃው ላይ አንድ ነገር ተለወጠ። ማራማ በየቀኑ ከመውጣቷ በፊት እጇን በፎጣ ታደርቅና፣ “እንደምን አደሩ ኮሮ” ብላ እርሳሱን ከእጁ ትወስዳለች። ሸራ ቀየረችም አልቀየረችም ቁጥሯን፣ ስሟንና ሰዓቱን በገዛ እጇ ጽፋ ትመልስለታለች። ድምፅዋ ላይ ምሬት የለም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሌሎቹ ልጆች አይተው ይስቁባት ነበር፤ አንዷ፣ “ማራማ፣ ኑዛዜ ነው የምትጽፊው?” አለቻት። በዓመቱ ግን ሁሉም ይጽፉ ጀመር። ለኮሮ መንገር የሚባለው ልማድ በዚህ ሁኔታ፣ ማንም ሳይሽረው፣ ቀረ።

የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ባሕር የተካሄደው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ክላይቭን በመጨረሻው ቀን ከላይኛው ቦያ፣ ጀልባዎቹ ከሚዞሩት ተንሳፋፊ ምልክት፣ አጠገብ በቆመች ትንሽ ጀልባ ላይ መደቡት። ከሰዓት ላይ ሰማዩ በደሴቲቱ ትከሻ ላይ ጠቆረ። ጀልባዎቹ ነፋሱን እየተጋፉ ወደ ቦያው ሲወጡ ዝናብ የያዘው ነፋስ ደረሰ። ውሃው ነጭ ሆነ፤ አረፋው ከማዕበሉ ጫፍ ተቆርጦ እንደ ጭስ ይሄዳል። ፊት የነበረችው የዴንማርኮቹ ጀልባ ቦያውን ዞራ ነፋስ ከኋላ ሲሆን የሚከፈተውን ትልቁን ሸራ እንደከፈተች በአፍንጫዋ ውሃ ውስጥ ገባች፤ ሁለቱ ልጆች ወደ ፊት ተወረወሩ። ሁለተኛዋ አይታ ትልቁን ሸራ አልከፈተችም። ሦስተኛዋም አልከፈተችም። ያንን ሸራ በዚያ ነፋስ መክፈት እብደት ነበር።

አራተኛዋ ማራማ ናት። ቦያውን ከክላይቭ ጀልባ አሥር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ዞረች። ኬሪ ገመዱን በእጇ እየጎተተች ነበር፤ ክላይቭ የእጆቿን ፍጥነት በዓይኑ ሊከተል አልቻለም። ሸራው ተከፈተ። ጀልባዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ተነሳች። ግማሽ አካሏ ከውሃው ወጥቶ ሥሯ ብርሃን ታየ፤ ውሃ ውስጥ ካለው የጀልባዋ መሪ እንደ ንብ ቀፎ የሚያስገመግም ድምፅ ወጣ፤ ድምፁ በክላይቭ ጀልባ ወለል በኩል እግሩ ድረስ ተሰማው። ሁለቱ ልጆች ጠርዙ ላይ፣ ጀርባቸው ከውሃው በላይ ተዘርግቶ፣ አንዷ ከሌላዋ ትከሻ ጋር ተነካክተው ቆመዋል። ማራማ ውሃውን አላየችም፤ ሸራውንም አላየችም። ዓይኗን በግማሽ ጨፍና ነበር። ነፋሱ የሚያመጣውን ከመምጣቱ በፊት በአንገቷ ቆዳ የምታነብ ትመስል ነበር፤ እጇ መሪው ላይ የሚንቀሳቀሰው በጣት ስፋት ብቻ ነው። በዚያች ጣት ስፋት ውስጥ ጀልባዋ ማዕበሉን ትመርጣለች፤ ይህንን ትወጣለች፣ ያንን ትተዋለች።

አብሮት የነበረው ወጣት ዳኛ ሬዲዮውን እንደያዘ ተነስቶ ቆሞ ነበር። ክላይቭ ኮፍያውን እንዳወለቀ ያወቀው ዝናቡ ጭንቅላቱ ላይ ሲቀዘቅዘው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አይደለም። በዕድሜው ከእንግዲህ የሚያስደንቀው ነገር የሚኖር አይመስለውም ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ይህች ልጅ ይህን ሁሉ የሠራችው ውሸታም የሚል ስም ጀርባዋ ላይ ይዛ ነው፤ ስሙን የለጠፈባት ደግሞ እሱ ነው።

አሸነፈች። ከዚያ በኋላም ሁለቴ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በመጀመሪያው ኦሎምፒክ ብር አመጣች፣ በሁለተኛው ወርቅ። ወርቁን ክበቡ ድረስ ይዛ መጥታ ከእጅ ወደ እጅ አዘዋወረችው። ሰዉ የስጋ ፓይ እየበላ፣ በቅባታም ጣቱ እየያዘ፣ በጥርሱ ነክሶ እየሞከረ ይስቃል። ክላይቭ ጋ ሲደርስ ሳያየው ለቀጣዩ ሰው አሳለፈው። ማራማ አየችው።

ከምርጫው ውድድር በኋላ በዘጠነኛው ዓመት፣ ውድድር ማቆሟን ተናገረች። የክበቡ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ ለመጪው የአገር ሻምፒዮና ዳኛ ትሁን አለ። እጆች ወዲያው ወጡ። ስቶክስ ግን መዝገቡን ይዞ ቆመ። አርጅቶ ነበር፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እንደሷ ያለ ባሕረኛ ይህ አገር እንዳላየ ተናገረ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ግን የቀድሞውን መስመር አነበበ። ቃሏ በችሎት ተቀባይነት ያጣ ሰው በሌላው ቃል ላይ ሊፈርድ አይችልም፣ ደንቡ እንዲህ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም አለ።

ማራማ በመስኮቱ በኩል ባሕሩን እያየች ተቀምጣለች። ለመነሳት አልሞከረችም። ክላይቭ ጉልበቱ ያመዋል፤ የፊት ለፊቱን ወንበር ይዞ ተነሳ።

“ነግራኛለች” አለ። “ዛሬ ሠላሳ ስምንት ነን አለችኝ። ሰምቻለሁ ሂጂ አልኳት። አልጻፍኩትም። ግራሃም፣ ስትጠይቀኝ ወረቀቱ ላይ የለም አልኩህ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው እንደዚያ ያልኩት። ከውሸት የባሰ ነበር።”

ስቶክስ መዝገቡን ዝቅ አደረገ። “ያኔውኑ ታውቅ ነበር?” አለ።

“አፏን ስትከፍት ትዝ አለኝ።”

ከኋላ፣ ወጥ ቤቱን የምትይዘው ቤሪል፣ “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለት ስኳር እየጨመርኩ የምቀዳልህን ሻይ ይህን ይዘህ ነው የምትጠጣው?” አለች። አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ተወው። ክላይቭ አዎ አላት።

ስቶክስ የሌሎቹን ፈቃድ ጠይቆ መስመሩን በራሱ እጅ ሰረዘው፤ ከሥሩም ምክንያቱን ጻፈ። ማራማ ዳኛ እንድትሆን ያልተነሳ እጅ አልነበረም። ክላይቭ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ለሌላ ስጡት አለና ወጣ። የከለከለው የለም።

ማራማ መውረጃው ላይ ደረሰችበት። ጎን ለጎን ቆሙ። ለምን አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት አልወቀስሽኝም ሲል ጠየቃት። እሷም የማን ቃል ይታመን ነበር ብላ መለሰችለት፤ በቁጣ ሳይሆን የውሃውን ጥልቀት እንደሚናገር ሰው። ከዚያ፣

“እርስዎ ስሜን መልሰውልኛል፣ ኮሮ። ደግ አደረጉ” አለች። “ወርቁን ያገኘሁት ያለ ስሜም ነው። ያላገኘሁት ፍሬያን ነው።”

በማግስቱ ማለዳ ክላይቭ አሮጌ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሰሜን ነዳ። ዳገቱ ላይ ጭጋግ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ፍሬያ ደንስታን ትልቅ መቀስ ይዛ የግቢዋን አጥር ቁጥቋጦ ትከረክም ነበር። ፊቷ ሞልቷል፤ መነጽር አድርጋለች። መኪናውን ሳይሆን እሱን አወቀችው።

“ኮሮ? ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም። የምነግርሽ ነገር አለ። ቆሜ ልንገርሽ።”

አጥሩን በመካከላቸው አድርጎ ነገራት። አላሳጠረውም፤ ራሱንም አልረገመም። ስትሰማ መቀሱን አላስቀመጠችም። ሲጨርስ፣

“ምን አለችህ? ቃል በቃል” አለች።

“ኮሮ፣ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ነን። የላውሪዎቹ ሸራ ነው።”

“እኔ የት ነበርኩ?”

“አፍንጫው ጋ። ጀርባሽን ሰጥተሽ። ሸራው ይጮህ ነበር፤ ልትሰሚ አትችዪም።”

ፍሬያ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። “በእናቷ ፊት ውሸታም አልኳት” አለች። “በእናቷ ፊት። ወርቅ ስታመጣ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።”

“የእኔ ነው” አለ ክላይቭ። “ሁሉም የእኔ ነው።”

“ያንተማ ነው” አለችው። ዓይኗ ደርቆ ነበር። “አትጠራጠር፤ አልማርኩህም። መኪናህ እስከ ክበቡ ድረስ ይመልሰናል?”

“ይመልሰናል።”

ገብታ ጫማ አድርጋ ወጣች። ክላይቭ በቀስታ ነዳ።

ክበቡ ጋ ሲደርሱ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ማራማ ከመውረጃው በላይ ባለው ሣር ላይ የክበቡን ልጆች አንድ ሸራ ዘርግታ ብቻዋን ልታጥፍ ትሞክራለች። ያ ሥራ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱን ጠርዝ ስታስተካክል ሌላውን ነፋሱ ይወስድባታል። ክላይቭ መኪናውን አቆመ፤ አልወረደም። ፍሬያ ወርዳ ሣሩን አቋርጣ ሄደች። ማራማ ቀና ብላ አየቻት፤ ሸራው ላይ እንደተንበረከከች ቀረች። ፍሬያ አንድ ነገር ተናገረች። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ቢነፍስም ክላይቭ ቃሉን አልሰማም፤ ለመስማትም መስኮቱን አላወረደም። ማራማ እጇን አነሳችና ነፋሱ የሚያራግበውን ሌላውን ጠርዝ አሳየቻት።

ፍሬያ ሄዳ ያዘችው። እያጠፉ፣ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ፣ እርስ በርስ ተቀራረቡ።

ክላይቭ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።